አልጋ ሥር ያለ ስኳር

እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ በሽተኛ ሊጠይቅ ባዶ እጁን የሚመጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ሁሉም ስኳር ይዞ ይመጣል። በሽተኛው የስኳር በሽተኛ ቢሆንስ? ያው ስኳር ይዞ ይመጣል።

እናቴ የስኳር በሽተኛ ናት። ባለፈው ክረምት ደግሞ ደም ግፊት ጣላትና ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት። አንደበቷ ግን ደህና ነው፤ እንዲያውም የእጇንም ሥራ ተረክቧል። ሐኪሙ ገና ብዙ እንደምትተኛ ነገረን። በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠች ገላዋ ይቆስላል አለ። እኔ ወንድ ልጅ ነኝ። ማጉረስ እችላለሁ፤ ላጥብሽ ብላትስ? ሞታ ነው የምትፈቅደው። ስለዚህ ሰው መቅጠር ግድ ሆነ።

ሰው ተገኘ። ለታይ ትባላለች፤ ከቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ የመጣች፣ የገዛ እናቷን አስታማ የቀበረች የትግራይ ሴት። የጠየቀችው ማሂያ፣ የወር ደመወዝ ማለት ነው፣ ከአንድ የቀን ሠራተኛ ገቢ አይበልጥም። በየወሩ ማን ይክፈል? ዘመድ ሰበሰብኩ።

ታላቅ ወንድሜ ከድር ዶካ ላይ ሰሊጥ ይነግዳል። ስብሰባውን በዱዓ ከፈተና «ከሰሊጥ በኋላ» ብሎ ዘጋው። የትኛው ሰሊጥ ነው፣ የአምናውም ተሸጧል እኮ አልኩት። ተቆጣ። እናትን በቅጥር ሰው ማስታመም ነውር ነው፣ አገር ምን ይለናል አለ። እንግዲያው አንተ ዘንድ ትምጣ ጋሼ አልኩት። ቤቱ ጠባብ መሆኑን አስረዳኝ። ቤቱ አምስት ክፍል ነው። የአጎቴ ልጆች አዘኑ፤ ከልባቸው አዘኑ። ከዚያ ሁሉም ያመጡትን ስኳር አልጋዋ ሥር አስቀምጠው ወጡ።

ከድር ብቻውን ያመጣው ሦስት ኪሎ ነበር። የሱዳኑ ጦርነት ከመጣ ወዲህ ስኳር ምን ያህል እንደሚሸጥ ታውቃላችሁ፤ በዋጋው ለታይን ስንት ቀን ማሠራት ይቻል ነበር! ታዲያ ለምን ስኳር? ስኳር በላስቲክ ተንጠልጥሎ መንገድ ለመንገድ ይታያላ! ማሂያ ማን ያየዋል? ንዴቴ እስካሁን አልበረደም።

ለታይ ሁለት ወር ያለ ክፍያ ሠራች። በሦስተኛው ልትሄድ ጨርቋን ቋጥራ መጣች። «ወንድሜ፣ እኔም ልጆች አሉኝ» አለችኝ። መልሱ የመጣው ካልጋው ነው። እናቴ በደህናው እጇ ወደ ታች እያመለከተች፣ «ይሄ ምን ይሠራል እዚህ? እኔ አልልሰው! ልጄ፣ ውሰጂው፣ ማሂያሽ ነው» አለቻት።

ለታይ ስኳሩን ሱቅ በር ላይ ለተቀመጡት ሻይ ሻጮች ወስዳ ሸጠችው። ሳይውል ሳያድር አለቀ። ያን ወር ተከፈላት፤ ቀጣዩንም። እናቴ ታጠበች፣ ተገላበጠች፣ ገላዋ ሳይቆስል ትራስ ተደግፋ መቀመጥ ጀመረች።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ተሻላት የሚል ወሬ ሲሰማ ጠያቂው ቀረ። ስኳሩም ቀረ። እናቴም የለታይ ጨርቅ እንደገና ሲቋጠር አየች።

በማግስቱ ከድር ባዶ እጁን፣ እየሳቀ፣ ደህንነቷን ሊያይ መጣ። እናቴ ድምፁን ስትሰማ ከትራሷ ተንሸራተተች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ አቃሰተች። እንዲህ ያለ ማቃሰት በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ከድር አለቀሰ። ውጭ አስወጥቼ፣ ጋሼ፣ ማልቀሱን ተወውና ለታይን ክፈል አልኩት። «እናታችን በዚህ ሁኔታ ላይ ሆና አንተ ስለ ገንዘብ ታወራለህ?» ብሎ ገሠጸኝ። ማታውን አምስት ኪሎ ላከ። ሳምንቱን ሙሉ ዘመድ ጎረፈ።

ውሸት አልወድም፤ ለእናቴም ነግሬያታለሁ። «እኔ መቼ ዋሸሁ? አላመመኝም እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ትናንት ለታይ ጸጉሯን ስታበጥርላት በሩ ተንኳኳ። እናቴ ቶሎ ብላ ተጋደመችና «ማነው?» አለችኝ። በቀዳዳው አየሁ። ጋሼ ከድር ነው አልኳት።

«ስንት ይዟል?»

«አንድ ኪሎ።»

«ለአንድ ኪሎ አላቃስትም» አለችና ተነሥታ ተቀመጠች።