የሮሪሳ ተቀባዮች

በየሰፈሩ አንድ ሰው አለ፤ በሰው ሠርግ ድንኳን ይተክላል፣ በሰው ልቅሶ ወንበር ያመላልሳል፣ የራሱ ጉዳይ ግን ሁልጊዜ «ለከርሞ» ነው። ለእኛ ለገላን ኮንዶሚኒየም ይህ ሰው በድምፃዊነት ተሰጥቶናል፤ ክቡር አርቲስት ሮሪሳ።

ሮሪሳ ከባንድ ጋር ሆቴል ውስጥ በተቀባይነት ይዘፍናል። ያልገባበት የሰው ዘፈን ግን የለም። አንዱ ዘፈን ሊያስቀርፅ ሲል ይደውልለታል፤ እሱም እራቱን ትቶ ይነሳል። «ድምፅ ጣል አድርጌ እመጣለሁ» ይላል፣ ጨው የሚጨምር ይመስል። ስሙ አንዳንዴ ከባለዘፈኑ ስም ሥር በትንሹ ይጻፋል፤ አንዳንዴም ይረሳል። «እትዬ ያለምወርቅ፣ ዋናው ዘፈኑ ማማሩ ነው» ይለኛል።

አንድ ቀን ከቃሊቲ በታክሲ ስንመለስ እሱ ያለበት ዘፈን ተከፈተ። መውረጃችን ደረሰ። «ቆይ፣ አሁን እገባለሁ!» ብሎ ያዘኝ። እሱ እስኪገባ እኔ ከነሽንኩርቴ ቂሊንጦ ደረስኩ። ረዳቱ «ፋዘር፣ ዘፈኑ ውስጥ የቱ ጋ ነህ?» ሲለው «ከኋላ ያለው» አለ፣ በኩራት።

ባለፈው ዓመት ጉሮሮው ይከዳው ጀመር። ዜማው ከፍ ሲል ድምፁ ይሰነጠቃል። ሮሪሳም ድምፁ ጨርሶ ሳይሄድ አንድ ዘፈን በስሙ ለማስቀረት ወሰነ። ያጀባቸውን ዘፋኞች ሁሉ «አዝማቹን ተቀበሉኝ» ብሎ ለመነ። ሁሉም «እንዴት እንቀራለን!» አሉ።

የቀረጻው ቀን ሲደርስ አንዱ ሥራ ገጠመው፣ ሌላው ስልኩን አላነሳም። ዘካሪያስ የሚባለው «ወንድሜ፣ መንገድ ተዘጋብኝ» አለ፤ ከጀርባው የሠርግ ጭፈራ ይሰማል። ባለ ስቱዲዮው ደግሞ በማግስቱ ዕቃውን ነቅሎ ሊሄድ ነው።

ሮሪሳን የሕንፃችን ደረጃ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። «ይቅር፣ እትዬ» አለኝ።

ባለ ሱቋ ሐጀራ ሰማችው። «ምኑ ነው የሚቀረው? አንተ እዚህ ስትለማመድ ስንት እንቅልፍ አጥተናል! አዝማቹን ከነሳልህ ነው የማውቀው!»

እውነቷን ነው። ደረጃው ድምፅ ያስተጋባል ብሎ ለዓመታት እዚያ አዝማች ሲለማመድ «ዝም በል!» ያላለው ጎረቤት የለም። ሐጀራ ሱቋን ዘጋች። እኔ ነጠላዬን አነሳሁ። ከፋብሪካ ፈረቃ የምትመለሰውን ኢፍቱን ከበሯ ላይ ይዘናት ሄድን።

ስቱዲዮው ግድግዳው ላይ ፍራሽ የተቸነከረበት ክፍል ነው። ሙዚቃው ተከፈተ። መግቢያው አለፈ። ሮሪሳ አልገባም። እንደገና ተከፈተ፤ እንደገና አለፈ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን እየነቀነቀ፣ ሌላ ሰው እስኪጀምር ይጠብቃል።

«ጋሼ፣ የሚጀምሩት እኮ እርስዎ ነዎት» አለው ባለ ስቱዲዮው።

ደነገጠ። ከዋናው ማይክ ሸሽቶ መጣና ከሐጀራ ጎን ቆመ። «እኔ የለመድኩት እዚህ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

እጁን ይዤ ወደ ቦታው መለስኩት። «ጀምር ብቻ» አልኩት።

ጀመረ። ለካ ዘፈን ሲጀምር ሰምቼው አላውቅም። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ፤ ሦስታችንም ተራችንን ሳንጠብቅ ገባን፤ እስኪያገግም ይዘንለት ቆየን።

ሲያልቅ ባለ ስቱዲዮው ፊቱን አኮማተረ። «ያቺ የተሰነጠቀችው ትደገም?»

ሮሪሳ መሬት መሬት ያያል።

«ተዋት» አልኩት ባለ ስቱዲዮውን። «የእኛ ሰው የሚዘፍነው እንዲህ ነው።»