የደጉ የኃይል ክኒን

[ኮምቦልቻ፣ የብሔራዊ ውትድርና ምዝገባ የተጀመረ ሰሞን። ደጉ የፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነው፤ አንድ ገጽ አንብቦ አሥር ገጽ የሚያወራ። ትናንት በቀበሌ ስብሰባ ላይ “ስለ ጤና ላስተምር” ብሎ ተነሥቶ፣ ክኒኑ ያስገኘለትን ጉልበት ለማሳየት ግማሽ ኩንታል ተሸክሟል። ዛሬ አልጋው ላይ በደረቱ ተደፍቶ ይገኛል። ወገቡ አልቃና ብሎታል፤ ይህን ግን ቢሞት አይናገርም። ጎረቤቱ ሀምዱ የእህል ተሸካሚ ነው። ከኩታበር የተላከለትን አንድ ኩንታል ባቄላ ደጃፍ ላይ አሳርፎ፣ የባቄላ ቆሎ እየቆረጠመ፣ የታጠፈ ወረቀት ይዞ ገብቷል።]

ሀምዱ፦ እኔ የምልህ፣ በሻይ ቢዋጥ ምን ይሆናል ነው።

ደጉ፦ በውሃ ነው አልኩህ። በባዶ ሆድ፣ በውሃ።

ሀምዱ፦ ባዶ ሆድ ከየት ላምጣ? ስቆረጥም ነው የምውለው።

ደጉ፦ ስማ። ይሄ ክኒን ላይሲን ይባላል፣ አሚኖ አሲድ ነው። ሰውነት ራሱ ሊሠራው አይችልም። ከውጭ ካልገባለት አለቀለት።

ሀምዱ፦ በአሰብ በኩል ነው የሚገባው?

ደጉ፦ በአፍ በኩል ነው፣ አንተ ሰውዬ። እንጀራ ውስጥ ያለው ጥቂት ነው። ሥጋ ውስጥ አለ፣ ወተት ውስጥ አለ፣ ባቄላ ውስጥ አለ…

ሀምዱ፦ [መቆርጠሙን አቁሞ] ይሄ ባቄላ?

ደጉ፦ ባቄላ ሁሉ።

ሀምዱ፦ ታዲያ እኔ ምን እየበላሁ ነው?

ደጉ፦ አንተ ባቄላ እየበላህ ነው። እኔ ሳይንስ እየዋጥኩ ነው። ልዩነቱን ትናንት ሕዝብ አይቶታል። እኔ ተሸክሜ አዳራሹን ዞርኩ፤ አንተ ገና ብድግ እንዳደረግከው ጣልከው።

ሀምዱ፦ ጣልኩት፣ ወላሂ።

ደጉ፦ ሊቀመንበሩን ምን አልኳቸው?

ሀምዱ፦ “ይህን የዋጠ ሰው ወገብ ሕመም አያውቅም” አልካቸው።

ደጉ፦ [ሊገላበጥ ሞክሮ ተወው] ስላንተስ?

ሀምዱ፦ “ይሄ ዘንቢል አያነሣም፣ ስለ ጤናም የሚያውቀው ነገር የለም” አልካቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ደጉ፦ አዝኜልህ ነው። ያ የያዝከው ምንድን ነው?

ሀምዱ፦ ሊቀመንበሩ “ለደጉ ስጥልኝ” ብለውኝ ነው።

ደጉ፦ የምስጋና ወረቀት ይሆናል። ደሴ ወጥቼ እንዳስተምር ፈልገው ነው። እስኪ አንብበው፣ መሠረተ ትምህርት ተምረህ የለ?

ሀምዱ፦ [ጣቱን እያስከተለ] “ጓድ ደጉ… ሙሉ ጤነኛ መሆንዎን… በሕዝብ ፊት ስላረጋገጡ… ለብሔራዊ ውትድርና… በመጀመሪያው ዙር… ሰኞ ጠዋት…”

[ደጉ ከአልጋው ሊዘል ሲል ወገቡ ያዘውና ግማሽ መንገድ ላይ ጎብጦ ቀረ። የፋብሪካ ሠራተኛ አይነካም ብሎ በሰላም ሲተኛ የነበረ ሰው ነው።]

ደጉ፦ እኔ እኮ ታምሜአለሁ! ይኸው ቀና ማለት አቅቶኛል።

ሀምዱ፦ “ይህን የዋጠ ሰው ወገብ…”

ደጉ፦ ክኒኑ ምንም አይሠራም! ሀምዱዬ፣ ወንድሜ፣ ሄደህ መስክርልኝ።

ሀምዱ፦ እኔን ማን ይሰማኛል? ስለ ጤና የማውቀው ነገር የለም ብለሃቸዋል።

ደጉ፦ አንተስ? እኩያዬ አይደለህም እንዴ? ያንተ ወረቀት የታለ?

ሀምዱ፦ ስሜ ተጽፎ ነበር። አንተ ስትናገር ሊቀመንበሩ ሰረዙት። አላህ ይስጥህ፣ ሚስቴ ዘሀራ ዱዓ እያደረገችልህ ነው።

ደጉ፦ ቆይ እስኪ። አንተ በቀን ሠላሳ ኩንታል ከመኪና የምታወርድ ሰው ነህ። ግማሽ ኩንታል እንዴት አቃተህ?

ሀምዱ፦ እኔም ገርሞኛል። ሊቀመንበሩ የምዝገባ ደብተራቸውን ሲገልጡ ሳይ ክንዴ ዛለ።

[ወረቀቱን ትራስጌው አስቀመጠለት። ወጥቶ ኩንታሉን በአንድ ትንፋሽ ትከሻው ላይ አወጣውና፣ በበሩ በኩል አንገቱን ብቅ አደረገ።]

ሀምዱ፦ አብሽር ደጉ። ሰኞ ስትሄድ ክኒኑን እንዳትረሳው። በውሃ ነው ያልከው፣ አይደል?