ገመቹ የተፋው ቢራ

ሰው ሲጠጣ የሚያየው ብርጭቆውን ነው፤ እኔ የማየው የቀጂውን እጅ ነው። መቱ ላይ ጠላ ስሸጥ ነው ያረጀሁት፤ መጠጥ እንደሚዋሽ አውቃለሁ። ያውዳል፣ ይጣፍጣል፣ አረፋ ይደፍቃል፤ እጅ ግን ይንቀጠቀጣል። በእኛ ቤት ቀጂ ለእንግዳ ከመስጠቱ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ ያደርግና እያዩት ፉት ይላል። እዩኝ፣ እኔ ከወደቅሁ አትጠጡ ማለቱ ነው። እናንተ ዛሬ ቆርኪ የተገጠመለትን ሁሉ ታምናላችሁ። ፋብሪካ መዳፍ አለው? የለውም። ግን ትጠጣላችሁ።

ገመቹ የወንድሜ ልጅ ነው። በኦሮምኛ የአባት እህት የምትጠራው እንደዚያ ስለሆነ አዳዳ ይለኛል። አባቱ ካረፈ ወዲህ ከወገን መቱ ላይ የቀረነው እኔና እሱ ነን። ሥራው ቡና መቅመስ ነበር። አትሳቁ፣ ደመወዝ ያለው ሥራ ነው፤ ከያዮ ጫካና ከዳሪሙ የመጣውን ቡና በማንኪያ እየሳቡ ይሄ ደህና ነው፣ ያኛው ሻግቷል ማለት። ያን ትቶ ቢራ ልጥመቅ አለ። የጠየቀኝም የጠላ ቤቴን ነው፤ ጉልበቴ ጋን ማንሳት እምቢ ካለኝ ጀምሮ የዘጋሁትን፣ ግድግዳው ጭስ የጠጣ የጓሮ ክፍል። ከከለከልኩት ጅማ ሄዶ ከጓደኛው ጋር ሊጀምር ነው። አላስፈራራኝም፤ መሬት መሬት እያየ ነው የነገረኝ፣ እሱ ነው የባሰው። ብሰጠው ደግሞ፣ መጠጡ ሰው ቢያሳምም የሚነሳው የእኔ ስም ነው። በዚህ ከተማ ከስሜና ከአጥሬ ጌሾ ሌላ ያፈራሁት የለም።

ቀምሼ እነግርሃለሁ አልኩት።

እሑድ ከሰዓት ጠርሙሱን ይዞ መጣ። ጋሼ ወርዶፋም ነበሩ፤ የድሮ ደንበኛዬ ናቸው፣ የቡሬን መንገድ ጉድጓድ አንድ በአንድ የሚያውቁ ጡረተኛ ሾፌር። ጠላው ቢቀርም ደጄ ላይ መቀመጡን አልተዉም።

ገመቹ ቀዳ። እኔ የማውቀው ቢራ ከወዲያ ማዶ ያሳያል። ይሄ ድፍርስ ነው፤ የማንጎ ጁስ መስሎ ብርጭቆውን ደፍኖታል። በእኛ ጊዜ ጉሽ ጠላ ለክቡር እንግዳ ያቀረበች ሴት ዓመት ሙሉ ትታማለች፤ አሁን ለካ ሆን ብለው ነው የሚያደፈርሱት። የፈረንጅ ቢራ ዓይነት ነው፣ ስሙም አይፒኤ ነው አለኝ። ነገ ተመለሺ የሚሉበት መሥሪያ ቤት ይመስላል። ምን ምን ገባበት ብዬ ብጠይቀው ማንጎ፣ የጫካ ማር፣ ኮረሪማ፣ ደግሞ የቀይ ቡና ልጣጭ። ልጣጩን እንግዲህ፤ እኛ ጓሮ የምንደፋውን፣ የዝንብ ድግስ የሆነውን።

ጋሼ ወርዶፋ ብርጭቆውን አሸተቱና "ይሄ ይጠጣል ወይስ አንገት ላይ ይቀባል?" አሉ።

"ጠማቂው ይቅደም" አልኩ።

ልማዱን ያውቃል፣ እኔው እጅ ነው ያደገው። መዳፉ ላይ ጠብ አደረገ። ፉጨት በሚመስል ድምፅ ሳበው፣ ከጉንጭ ጉንጭ አንከባለለው፣ ዓይኑን ጨፈነ። ትንፋሻችንን ይዘን አየነው። ከዚያ ዞር ብሎ አጥሩ ሥር እንትፍ አለው።

ተፋው። እፊታችን።

ጋሼ ወርዶፋ ብርጭቆውን እንደ እንቁላል ቀስ አድርገው መሬት አስቀመጡ።

"አንተ ያልዋጥከውን እኔ ልዋጥልህ?" አልኩት።

መጀመሪያ ምን እንዳጠፋ አልገባውም። ሲገባው ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "አዳዳ፣ የቡና ቅምሻው ልማድ ነው። ጠዋቱን ሙሉ ስንቀምስ የምንውጠው ቢሆን እንቅልፍ የሚባል ባላየን ነበር። አፌ ነው የተፋው፣ እኔ አይደለሁም።"

እውነት ይሆናል። ላይሆንም ይችላል። ድገመው፣ አሁን ጉሮሮህን እያየሁ ነው አልኩና፣ በልጅነቱ መድኃኒት ሳውጠው እንደማደርገው አገጩን ይዤ ቀና አደረግኩት። ጠጣ። ማንቁርቱ ወጣና ወረደ። ጠበቅን። አልወደቀም። ጋሼ ወርዶፋ አንዳንዱ ዘግይቶ ነው የሚይዘው አሉ፤ ጨምረን ጠበቅን። ደህና ነው።

ከዚያ በራሴ መዳፍ ቀመስኩ። መጀመሪያ ማንጎው ገባ፣ እንደ ጎረቤት ሴት ሳያንኳኳ። ተከትሎ ማሩ። ልውጠው ስል ግን ከሥር አንድ ምሬት ያዘኝ፤ ምላሴ የሚያውቀው ምሬት።

"ይሄ ጌሾ ከየት የመጣ ነው?"

"ፈረንጆቹ የሚያስገቡት መራራ አበባ አልበቃኝም" አለ፣ ደግሞ መሬት መሬት እያየ። "የጎደለውን ከእርስዎ አጥር ቀጠፍኩ።"

ሳይጠይቀኝ። ልቆጣው አፌን ስከፍት ጋሼ ወርዶፋ ብርጭቆውን ከመሬት አንስተው ግማሽ አድርሰውታል። "የእትዬ አስካለ ጌሾ ካለበትማ ቀድሞ አይነገረንም?" አሉ ከንፈራቸውን እየጠረጉ።

እንግዲህ ስሜ ሳልፈቅድ ጠርሙሱ ውስጥ ገብቶ ከሆነ፣ ጅማ ወርዶ እዚያ ከሚዋረድ እዚሁ እያየሁት ይሁን ብዬ ቁልፉን ሰጠሁት። ጥሩ ነው አላልኩም። አንድ ነገር ብቻ አስማልኩት፤ በዚያ ቤት የተቀመሰ ይዋጣል።

አሁን ከጎሬ ሳይቀር ሰው ይመጣል። ገመቹ ይቀዳል፤ ሰዎቹ ግን ብርጭቆውን ይዘው የሚያዩት እኔን ነው። የመትፋቱን ወሬ ጋሼ ወርዶፋ ከተማውን አዳርሰውታል፣ የልጁን መዳፍ የሚያምን ጠፍቷል። ስለዚህ ጠርሙስ በተከፈተ ቁጥር ተነስቼ የምቀምሰው እኔ ሆኛለሁ። ጋሼ ወርዶፋ መዳፍዎ ሰሞኑን ጎድጎድ ብሏል ይሉኛል። ይበሉ። እኔ ያንን ድፍርስ ዛሬም አላምነውም፤ ያላመንኩትን ነገር ደግሞ መርምሬ ሳልጨርስ አልተውም። ይኸው ቆርኪ ሲከፈት ሰማሁ፣ ልሂድ።