ክቡር ኢንጂነርና ፍም የመሰለው ማርሚታ

ደህና የሚሠራ ዕቃ ሲያዩ እንቅልፍ የሚያጡ ሰው የሌሉበት ሰፈር የለም። ለእኛ የደረሱን ክቡር ኢንጂነር ናቸው። ምህንድስናውን የት ተማሩት እንዳትሉኝ፤ ሙያቸው ፀጉር ማስተካከል ነው። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ጎረቤቶች ነን፤ መፍቻ ይዘው ከች ሲሉ ሌላ ምን ይባላል?

መርሃቸው አንድ ነው፤ «ትንሽ ብንጨምርላትስ?» የቤቴ በር ሲጢጥ ቢል ማጠፊያ ጨመሩለት፤ ከዚያ ወዲህ እንግዶቼ የሚገቡት በጓሮ ነው።

ባለፈው ወር ተራው የሞተር ሳይክላቸው ሆነ። የጭስ ማውጫዋን፣ ማለትም የማርሚታውን፣ ሆድ ዘርግፈው ሰፊ የውሃ ቧንቧ ቀጠሉበት። የአየር ማጣሪያዋንም አሰፉላት። «አሁን እንደ ልቧ ትተነፍሳለች!» አሉን። እውነትም ተነፈሰች፤ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ከእንቅልፉ ባነነ። ዳገቱን ወጥታ ስትመለስ ግን ማርሚታው ቀልቶ ፍም መስሏል፤ ከኋላ የተቀመጡት የባለቤታቸው፣ የእትዬ፣ ቀሚስ ጠርዝ ተቃጥሏል። እትዬ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ቀሚሱንም የሰፉት በገዛ እጃቸው ነው።

«እስከ እሁድ ካልበረደች» አሉ እትዬ፣ «ይኼ የመፍቻ ሳጥንህ ለወንድሜ ይሄዳል!»

ክቡርነታቸው አመድ መሰሉ። ያለዚያ ሳጥን እኮ ተራ ፀጉር አስተካካይ ናቸው።

መጀመሪያ ፀሐይን ወቀሱ። ቀጥለው ማርሚታውን ነጭ ቀለም ቀቡት። ማራገቢያ አሰሩበት። እርጥብ ጆንያ ጠቀለሉበት፤ ሞተሯም እንደ ማንቆርቆሪያ እየተንፈቀፈቀች ዳገቱን ወጣች፤ ጆንያው ደርቆ መጨስ ሲጀምር ተመለሰች።

ቅዳሜ ከሰዓት መሬት ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው።

«ሁሉን ጨመርኩላት» አሉኝ፣ «ምን ቀረ?»

ከዚያ ድንገት ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። «ነዳጅ! አየሩን ከፍቼ ከፍቼ ነዳጁን በነበረበት ተውኩት!»

ለካስ አየር በዝቶ ነዳጅ ሲያንስ ሞተር ከመጠን በላይ ይግላል። ዕድሜ ልካቸውን ሲጨምሩ የኖሩ ሰው፣ መጨመር የነበረባቸውን አንዱን ነገር ረስተውት! አየርና ነዳጅ የሚቀላቀሉበትን ካርቡሬተሯን ፈትተው ነዳጅ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ሰፋ ባለ ቀየሩላት።

እሁድ ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ወጣ። እትዬ ከተቃጠለ አይቀር ብለው ያንኑ ቀሚስ ለብሰው ተፈናጠጡ። ዳገቱን ወጡ፤ ጠፉ፤ ተመለሱ። ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየን። ማርሚታው አልቀላም! ጭብጨባውን ያስጀመርኩት እኔ ነበርኩ። እትዬ ወርደው ቀሚሳቸውን አራገፉና «በል፣ ሳጥንህን ያዝ» አሉ፤ ሳቃቸውን መደበቅ ግን አልቻሉም።

ያ ሳጥን ቢሄድ ኖሮ ምን ይውጠን ነበር ብዬ ሳስብ ሆዴ ባባ። በማግስቱ ማለዳ፣ ምንም ያልጎደላትን ራዲዮኔን ታቅፌ ደጃቸው ቆምኩ።

«ምን ሆነች?» አሉኝ ዓይናቸው እየበራ።

«ምንም አልሆነች» አልኳቸው። «እንዲያው እርስዎ ቢያዩልኝ ብዬ ነው።»