ክቡር ሠዓሊ «ትንሽ ይቀረዋል»

በየሰፈሩ አንድ እጁ የማያርፍ ሰው አይጠፋም። በእንግድነት በገባበት ቤት የተንጋደደ መጋረጃ ያቃናል፤ ሙሽራውን መንገድ ላይ አቁሞ ክራቫቱን ያስተካክላል፤ ማመልከቻ አንብብልኝ ብትሉት አንድ ነጠላ ሰረዝ ሳይጨምርበት አይመልስም። እንዲህ ያለውን ሰው ፈጣሪ ሠዓሊ ካደረገው ደግሞ ጎረቤቶቹን ራሱ ይጠብቃቸው።

ክቡር ሠዓሊ «ትንሽ ይቀረዋል» ይህን ማዕረግ ያገኘው በመጀመሪያው ኤግዚቢሽኑ ነው። አዳራሹ ሞልቶ ተጋባዦች ሥራውን እያደነቁ ሳለ፣ እሱ ከኮቱ ኪስ ብሩሽ አውጥቶ የተሰቀለው ሥዕሉ ላይ ሰማዩን ይቀባል። «ኧረ ተው፣ አልቋል እኮ» ሲሉት ዘወር እንኳ ሳይል «ትንሽ ይቀረዋል» አለ። ጠጋ ብላ ስታይ የነበረች አንዲት ተጋባዥ፣ ነጭ ቀሚሷ ላይ ሰማያዊ ሰማይ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። ከዚያ አዳራሽ ሰማይ ይዛ የወጣች እሷ ብቻ ነበረች፤ ሥዕል የገዛ አልነበረም።

የሠዓሊዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር ይህን ሲሰሙ «ልጅነት ነው፣ ይበርድለታል» ብለው አለፉት። እኚህ ሰው ፀጉራቸው የሸበተ፣ ብዙ ሠዓሊ ያስተማሩ አዛውንት ናቸው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ግን አዲስ ሥራ አሳይተው አያውቁም። ለጠያቂ ሁሉ «ጊዜ አጣሁ» ይላሉ። እውነቱን ሆዳቸው ያውቀዋል፤ ፈርተው ነው።

በሁለተኛው ኤግዚቢሽን ጉድ ፈላ። ከሌሎች ጋር በጋራ የሚያሳይበት ነበርና፣ የራሱን ሲነካካ ቆይቶ ዓይኑ አጠገቡ ወደተሰቀለው የጓደኛው ሥዕል ሄደ። ፈረስ ነው። ከሆዱ ሥር ትንሽ ጥላ ጣል አደረገበት። ባለሥዕሉ በማግስቱ ሲያይ ደሙ ፈላና በኮሌታው እየጎተተ ሊቀመንበሩ ፊት አቆመው።

«በሰው ፈረስ ምን አገባው?»

«ፈረሱ እኮ አየር ላይ ተንሳፎ ነበር» አለ ተከሳሹ። «መሬት ብቻ ነው የሰጠሁት።»

ሊቀመንበሩም «አመል ያወጣል ከመሃል ሲባል አልሰማህም? ከደገምከው ከማኅበሩ ትባረራለህ» ብለው በቁጣ ሸኙት። ባለፈረሱ ግን ጥላውን ይፍቀዋል ሲባል ሳይፍቀው ቀረ። ቢፍቀው ፈረሱ ተመልሶ ይንሳፈፋላ።

ወሬ እግር አለው። በሚቀጥለው የጋራ ኤግዚቢሽን ሠዓሊው ሁሉ «እዚያ ጋ ብርሃን አለ» እያለ ሥዕሉን ከእሱ ጎን ለመስቀል ይጋፋ ጀመር። ብሩሹን ይዞ ሲመጣ አይተው እንዳላዩ ይሆናሉ። ፊት ለፊት ይሰድቡታል፤ ዞር ሲል «የኔን የት ጋ ነካው?» እያሉ ይፈልጋሉ። ያልተነካለት ቅር ይለዋል።

በመጨረሻ ሊቀመንበሩም አላስቻላቸውም። ቤታቸውን ዘግተው አንድ ሥዕል ሠሩ፤ መስኮት አጠገብ የተቀመጡትን ባለቤታቸውን። መስመሩ ሁሉ እንደ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ራሳቸው ተሸክመው አምጥተው ከ«ትንሽ ይቀረዋል» ሥራ ጎን ሰቀሉትና ጥበቃውን «ሰውዬውን እንዳትከለክለው» ብለውት ሄዱ።

በማግስቱ ማለዳ መጡ። መነጽራቸውን አድርገው ሸራውን ከጥግ እስከ ጥግ ፈለጉ። የተነካ ቦታ የለም። ግራና ቀኝ ያሉት ሥዕሎች ግን ቀለማቸው ገና አልደረቀም። የማይረባ ሥራ ማን ደክሞ ያርማል ብለው አሰቡና ልባቸው ተሰበረ።

ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ዳቦ ሲገምጥ አገኙት።

«የእኔን ለምን ዘለልከው? እውነቱን ንገረኝ፣ አልቀየምህም።»

የጎረሰውን ዋጥ አድርጎ ከተቀመጠበት ተነሣ። «ጋሼ፣ ትናንት ብሩሼን ይዤ ፊቱ ቆሜ ዋልኩ። ብፈልግ፣ ብፈልግ፣ የሚቀረው ነገር አጣሁበት።»

ሊቀመንበሩ ጉልበታቸውን ደግፈው ደረጃው ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ። ዳቦውን ቆርሶ ሰጣቸው። ጎን ለጎን ተቀምጠው አላመጡ።

«ነገ ሌላ እጀምራለሁ» አሉ።