መስኮት ሊወለውል የመጣው ልጅ

ታዳጊን ልጅ ከክፉ ሰው መጠበቅ ቀላል ነው። ክፉውን ልጁም ይሸሸዋል፣ ውሻውም ይጮህበታል። አስቸጋሪው ከደግ ሰው መጠበቅ ነው! በተለይ ከደግ ሀበሻ እናት… አይ፣ አትቆጡ። የእናንተን ስም አላነሳሁም፤ የማወራው ስለ ራሴ ነው።

የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጄ ሶስና፣ ሒሳብ ታጠናለች ብዬ ሻይ ሳመላልስላት በከረምኩባቸው ወራት ለካስ አፕ እየሠራች ኖሯል። ልጆች ትምህርት ሲዘጋ በሰፈራቸው ትንንሽ ሥራ የሚያገኙበት አፕ። መኪና ማጠብ፣ ሕፃን መያዝ፣ ውሻ ማንሸራሸር… (እዚህ ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር፣ ውሻ ሰው ሲያሯሩጥ እንጂ ሲንሸራሸር አላየሁም፤ ግን ይሁን።)

የጀመረችው ለጨዋታ አልነበረም። የክፍል ጓደኛዋ ከማታውቀው ሰው ጋር በስልክ ተስማምታ ሕፃን ልትጠብቅ ብትሄድ፣ በተባለው አድራሻ ቤት የሚባል ነገር የለም፤ ባዶ መሬት! ልጅቷ በሩጫ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ነው ሶስና ኮምፒውተሯ ላይ የተተከለችው።

ስለዚህ አፑ ጥብቅ ነው። ቤቱን የሚያስመዘግበው አዋቂ መታወቂያና ሁለት ዋስ ያቀርባል። ልጁ ሲገባ «ደርሻለሁ»ን፣ ሲወጣ «ወጥቻለሁ»ን ይጫናል። የመውጫ ሰዓቱ ካለፈ ከሩብ ሰዓት በኋላ ስልኩ ይጮሃል፤ ካላነሳው ለወላጆቹና ለዋሶቹ በሙሉ የአደጋ ጥሪ ይሄዳል።

የቤተ ክርስቲያናችን ወላጆች ግን ተጠራጠሩ። ፓስተራችን «ቅዳሜ በአንድ ቤት እንፈትነው፤ ከሠራ እሑድ እናጸድቀዋለን፣ ካልሠራ ልጆቻችንን አንልክም» ብለው ቆረጡ። የልጄ የወራት ድካም በአንዲት ቅዳሜ ላይ ተንጠለጠለ። መፈተኛው ቤት የማን ይሁን? የእኛ!

«ማሚ፣ ሁለት ዋስ አምጪ» አለችኝ።

«ማንን ነው ዋስ የምትጠይቂው? ዘጠኝ ወር የተሸከምኩሽ እናትሽን?»

«ሩልስ አር ሩልስ፣ ማሚ።»

ከቀበሌ አምልጬ ናይሮቢ ብገባ፣ ቀበሌ ወልጄ ቁጭ! የፓስተራችንን ባለቤትና የቤተ ክርስቲያናችንን እህት ትግሥትን ዋስ ጠራሁ። ትግሥት የናትናኤል እናት ናት፤ ናትናኤል ደግሞ ለፈተናው የተመደበው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነው። ሥራው መስኮት መወልወል፣ ሰዓቱ ከዘጠኝ እስከ አሥር።

ቅዳሜ ጠዋት ተነስቼ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? መስኮቶቹን ወለወልኳቸው። ሁሉንም!

«ታዲያ ልጁ ምን ሊሠራ ነው የሚመጣው?» አለ ባለቤቴ ጌታሁን።

«የሰው ልጅ መጥቶ ጉዳችንን ይይ? እናቱ ቤት ሄዶ ያውራልን?»

እስቲ አንቺ አንባቢዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። የምታጸዳልሽ ሴት ከመምጣቷ በፊት ቤትሽን አጽድተሽ አታውቂም? ዝምታሽን ተቀብያለሁ።

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ናትናኤል ጨርቁን ይዞ ደረሰ። «ደርሻለሁ»ን ተጫነና መስኮቱን ዐየው፤ መልኩን አየበት። ቆሻሻ ፍለጋ ከጥግ እስከ ጥግ ዞረ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!

«አንቲ፣ ይሄ እኮ ክሊን ነው…»

«ተወው፣ የትም አይሄድም። ና ቁጭ በል! አጥንትህ ብቻ ቀረ እኮ፣ ትግሥት ምግብ አትሰጥህም እንዴ?»

«አንቲ፣ በልቻለሁ።»

በልቻለሁ! ይሄንን ቃል የሚያምን ሀበሻ ካያችሁ ንገሩኝ። ጥብሱ ቀረበ፣ ምስሩ ቀረበ፣ ከታች ሱቅ ያስመጣሁት ቻፓቲ ቂጣ ቀረበ። በስልኩ ሰዓት ማየት ሲያበዛ ተቀበልኩትና ፍሪጁ ላይ አስቀመጥኩት። ማዕድ ላይ ስልክ ነውር ነው፤ የእኔም ልጅ አትነካም!

ጌታሁን ደግሞ አብሮ ተቀምጦ የሞያሌን ኬላ እንዴት እንዳለፈ መተረክ ያዘ። ይሄ ታሪክ ሲጀመር እንጂ ሲያልቅ ሰምቼ አላውቅም።

«አንቲ፣ ታይም…»

«በሞቴ! ይቺን ብቻ!»

በመካከሉ ከማዕድ ቤት ጉርርር የሚል ድምፅ መጣ።

«ፍሪጁ ዛሬ ምን ሆኗል?» አለ ጌታሁን።

«ድሮስ መቼ ዝም ብሎ ያውቃል!» አልኩ፣ አራተኛውን ጉርሻ እየጠቀለልኩ።

ከዚያ በሩ ሊገነጠል ደረሰ። ስከፍተው ትግሥት ናት፤ አንድ እግሯ ላይ ሸበጥ፣ ሌላው ላይ የባሏ ጫማ። ከኋላዋ ፓስተሩ ከነባለቤታቸው፣ ፈተናውን ከእሳቸው ቤት ሊከታተሉ የተሰበሰቡት ሦስት ሽማግሌዎች፣ እሷንና ፓስተሩን በሞተር ያደረሱ ሁለት የቦዳ ቦዳ ሾፌሮች፣ «ሺዳ ኒኒ? ምንድን ነው ችግሩ?» እያለ በስዋሂሊ ዱላውን የጨበጠው ዘበኛችን፣ ከሁሉም ኋላ ከእነሱ ጋር የዋለችው ሶስና።

«ልጄ የት ነው?!»

ልጇ አፉ ሙሉ ስለነበር መልስ መስጠት አልቻለም። ትግሥት ሮጣ ጭንቅላቱን ያዘች፣ እጆቹን አገላብጣ ዐየች፣ ከዚያ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ያን ጊዜ ጉርርር ያለው ፍሪጁ ሳይሆን ላዩ ያስቀመጥኩት ስልክ እንደነበር ገባኝ፤ ከልቤ አፈርኩ። እኔ ልጅ የመገብኩ መስሎኝ እናት ስገድል ነበር። ማርም ሲበዛ ይመራል።

ሶስናም ዓይኗ ሞልቶ «ማሚ፣ አበላሸሽብኝ» አለች፣ በሹክሹክታ። ምነው በጮኸችብኝ!

ምን ልበል? የማውቀውን አልኩ፦ «ኧረ ግቡ፣ ቆማችሁ ቀራችሁ እኮ!»

ገቡ። ፓስተሩ ሦስት ጊዜ «በልቻለሁ» ብለው ተቀመጡ። ከቻፓቲው ከቆረሱ በኋላ ሶስናን ጠሩና «ልጄ፣ ጥሪው በሩብ ሰዓት መጣ አይደል?» አሏት።

«አዎ፣ ፓስተር።»

«ከዚያስ ሁላችንም ልጁን ለማግኘት ስንት ደቂቃ ፈጀብን?»

«አሥራ አንድ።»

«እኛ ለጸሎት ስንጠራ በአሥራ አንድ ደቂቃ ተሰብስበን አናውቅም» አሉ። «ይሄ አፕ ይሠራል።»

ትግሥት እንባዋን ጠረገች። «እኔም ልጄን እልካለሁ» አለች። ወደ እኔ ዞራ ጨመረችበት፦ «ከዚህ ቤት በስተቀር።»

እሑድ አፑ ጸደቀ፤ ሶስና ተጨበጨበላት። ጌታሁን ልጅቷ ስትጀምር «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ያለውን ረስቶ ከሁሉም አስበልጦ አጨበጨበ። እኔም አለቀስኩ፤ የኩራት ነው።

ሰኞ ግን ያን ሁሉ ሕዝብ ካበላሁበት የዕቃ ክምር ጋር ተፋጠጥኩ። ጥበብ ቤቴ ውስጥ እያለ ለምን እቸገራለሁ ብዬ ዕቃ የሚያጥብ ልጅ ልጠራ አፑን ከፈትኩ። ምን አለኝ መሰላችሁ? «ይህ ቤት ለታዳጊዎች ደህንነት ሲባል ታግዷል።» ከሥሩ የናትናኤል አስተያየት ተቀምጧል፦ «ምግብ፣ አምስት ኮከብ። ሥራ፣ የለም። መውጫ፣ የለም።»

«ሶስና! እኔን? ዘጠኝ ወር የተሸ…»

«ሩልስ አር ሩልስ፣ ማሚ። ዋስሽ እህት ትግሥት ከዋስነት ወርዳለች፤ ሌላ ዋስ አምጪ።»

ዕቃውን ራሴ አጠብኩ። የናይሮቢ ታዳጊዎች ሆይ፣ ደስ ይበላችሁ፤ ከእኔ ተርፋችኋል! የራበው ካለ ግን ቤቱን ያውቀዋል… ስልኩን ብቻ ከእጁ እንዳይለቅ።