የአቶ ምንዳዬ ጆሮ

በአቶ ምንዳዬ ቤት አባወራው ሳይፈቅዱ ሚስማር አይመታም። ልጆቹ አግብተው፣ ወልደው፣ በየክፍላቸው ቢኖሩም ሕጉ ሕግ ነው። የጓሮው ግድግዳ ተሰንጥቆ ወደ ውስጥ ሲያዘነብል፣ ከሥሩ የምትተኛው ልጃቸው ፀዳለ ሕፃኗን አቅፋ ፊታቸው ቆመች።

«አባባ፣ ግድግዳው ሊወድቅብን ነው። ይፍቀዱልንና አፍርሰን እንሥራው።»

«ምን አልሽ? ጆሮዬ እኮ ደክሟል» አሉ።

ክረምት ገባ። ቤተሰቡ ተራ በተራ ጮኸ። ምስኪኖች! የአባታቸው ጆሮ እንዲድን ስለት ተሳሉ፣ ጠበል አመጡ። ያ ጆሮ ግን እንግዳ መጥቶ «እንዴት ያለ ቤት ነው ያቆሙት!» ካለ፣ በሹክሹክታም ቢሆን አያመልጠውም። ልጆቹ ይህን እያዩ «አንዳንዴ ይከፈትላቸዋል» ይባባሉ ነበር። ያናድዳል!

በመጨረሻ ፀዳለ ሆስፒታል ወሰደቻቸው። የጆሮ ባለሙያዋ መጀመሪያ «ድምፅ ሲሰሙ እጅዎን ያንሱ» አለቻቸው። አላነሱም። እሷም አልተከራከረችም፤ ግንባራቸው ላይና ከጆሯቸው ጀርባ የመሣሪያ ሽቦ ለጠፈች፤ ጆሯቸው ውስጥም ማዳመጫ ከተተች።

«አሁን ምንም አይመልሱልኝ። ይተኙ ብቻ።»

መተኛቱንማ ያውቁበታል። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል፤ መሣሪያው ግን የሚጠይቀው ነርቩን እንጂ ባለቤቱን አይደለም። ጆሯቸው ውስጥ ጠቅ ጠቅ ሲል ስክሪኑ ላይ የነርቩን ምላሽ የሚያሳየው ሞገድ ተከታትሎ ተነሳ። ድምፁን ዝቅ አደረገችው። ሞገዱ አሁንም ተነሳ።

ባለሙያዋ ፀዳለን ኮሪደር ላይ ጠራቻት።

«ጆሯቸው ጤነኛ ነው። ነርቩም የሰማውን ሳያጓድል እስከ አንጎል ግንድ ያደርሳል።»

«ታዲያ ለምን አይመልሱልንም?»

«ከዚያ በላይ ያለውን ይህ መሣሪያ አይለካም።»

የፀዳለ ደም ፈላ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ልጇን አቅፋ የሸሸችው፣ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ የጮኸችው፣ ለጤነኛ ጆሮ ስለት የገባችው ሁሉ ታወሳት። ቤት እንደደረሱ አባቷን ሳሎን አስቀምጣ ወደ ጓሮ አለፈች፤ ወንድሞቿንም በሹክሹክታ «ዶማ አምጡ» አለቻቸው።

«ማን ፈቀደላችሁ?» አሉ አቶ ምንዳዬ ከሳሎን።

ወንድሞቿ ደንግጠው ተያዩ። ፀዳለ ግን ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

«እርስዎማ ሲሰሙ ኖረዋል፣ አባባ። መልስዎን ያልሰማነው እኛ ነን» አለች። ከዚያም ወደ ግድግዳው ዞረች፤ «በሉ ወንድሞቼ፣ ማፍረሱን ከላይ ጀምሩ።»